ከጎሬ እስከ ጂማ አርባ ደቂቃ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካዛንቺስ፣ ሳይፈርሱ ከቀሩት ኬክ ቤቶች በአንዷ ሦስት ሆነን ተቀምጠን ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴ ጌታሁን እና የልጃችን ልጅ ቤዛ። ሰፈራችን መልኳን ቀይራለች። መንገዱ ሰፍቶ፣ የእግረኛው ወለል አብረቅርቆ፣ ዘንባባውና መብራቱ በተርታ ቆሞ፣ ዕድሜዬን እዚሁ የፈጀሁት ሴትዮ በቀደም ከቤቴ ብዙም ሳልርቅ አንዱን ወጣት «የኔ ልጅ፣ ወደ ዑራኤል በየት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ልጁ አዘነልኝና «እማማ፣ ለከተማው እንግዳ ነዎት?» አለኝ። ምን ልበለው? «አዎ ልጄ፣ ዛሬ መግባቴ ነው» ብዬው አለፍኩ። ኬክ ቤቷ ግን ያው ናት። ወንበሮቿ ተቀይረው ማኪያቶዋም ዋጋው ሰማይ ወጥቶ እንጂ፣ ገና ከበሩ ሲገባ የሚቀበለው የቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ሽታ ያኔ የነበረው ነው። ጌታሁን እንደ ልማዱ ከኋላችን ቀርቶ ስለነበር እኔና ቤዛ አዝዘን፣ ማኪያቶው መጥቶ፣ አረፋው ሲወርድ ነው እሱ የደረሰው። ይህ ሰውዬ ሲራመድ መሬቱን የሚለካ ነው የሚመስለው። በእርግጥ ሥራውም እሱ ነበር፤ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመሬት ቀያሽ ነበር። «ፍጠን እንጂ!» ስለው ሃምሳ ዓመት አለፈኝ።

ቤዛ ስልኳ ላይ ተደፍታለች። መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና መጀመሪያ ጂማ፣ ከዚያ ወዲያው ጎሬ ሊልካት ነው። ጎሬ የሚለውን ስም ስሰማ ልቤ ዘለል አለ። ትንሽ ቆይታ ብቻዋን መሳቅ ጀመረች። «እማማ፣ ይሄ ነገር ሼም ነው። ስልኬ ላይ ከጂማ ጎሬ በአየር ያለውን ርቀት ያወጣልኛል፤ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የበረራ ጊዜ ሃያ አምስት ደቂቃ ይላል። ትኬት ልቁረጥ ስል ግን ዳይሬክት የሚባል በረራ የለም። ማለቴ፣ ከጂማ አዲስ አበባ ተመልሼ፣ እዚህ ስጠብቅ ቆይቼ፣ እንደገና ወደ ጎሬ ነው የሚወስደኝ። ለሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ በቃ ቀኔ አለቀ።»

«አርባ ደቂቃ ነው» አልኳት። «ከጎሬ ጂማ አርባ ደቂቃ ነው።»

«እሱ በናንተ ጊዜ ነዋ እማማ። አሁን ሃያ አምስት ነው።»

ጌታሁን ሲኒውን ወደ አፉ እየወሰደ ነበር። መንገድ ላይ አቆመውና «ሃያ አምስት?» አለ። ደግሞም «ሃያ አምስት ብቻ?» አለና ሲኒውን መልሶ አስቀመጠ። ምን እንዳስደነገጠው አልገባኝም። እኔ እንደሆን በዚያች አርባ ደቂቃ ላይ ትዳሬን የመሠረትኩ ሰው ነኝ። እውነቴን ነው። እኔና ይህ ሰው የተጋባነው በአንዲት የበረራ ሰዓት ውስጥ ነው፤ እኔ አየር ላይ ሆኜ፣ እሱ መሬት ላይ ቆሞ። እኔ አየር ላይ ምን ስሠራ እንደነበር አገር ያውቃል። እሱ ግን ያቺን አርባ ደቂቃ ምን ሲያደርግባት እንደነበር ስንት ጊዜ ጠይቄው «ምን አደርጋለሁ? ቆሜ ጠበቅኩሽ» ከማለት ሌላ ቃል ወጥቶት አያውቅም።

ያደግኩት እዚሁ ቂርቆስ ነው። አባቴ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ይሠራ ስለነበር የጣቢያው ፊሽካ ነበር ሰዓታችን። ቂርቆስና ካዛንቺስ ያኔ አሁን እንዳሉት የተያያዙ አይመስሉም ነበር፤ ካዛንቺስ መሄድ ለኛ ለልጆቹ አገር መለወጥ ነው። ጣሊያን ለሠራተኞቹ ብሎ የሠራቸው ድርብ ቤቶች በየግቢያቸው ጽጌረዳ አብቅለው፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ ከየቡና ቤቱ ሳክስፎንና አኮርዲዮን እየተቀባበለ፣ በር ላይ የቆሙት ሴቶች ታኮ ጫማቸው ሲንቋቋ፣ እናታችን ክንዳችንን ጎትታ «ፊታችሁን አዙሩ» ትለናለች። እኛ ደግሞ ፊታችንን አዙረን በሱቁ መስታወት ውስጥ እናያቸዋለን። ሻይም ፓስቲም በአምስት በአምስት ሳንቲም ነበር። ስሙኒ የያዘች ልጅ ደግሞ ጓደኛዋን ጋብዛ መልስ ታገኛለች። መምህርነት ተመርቄ ስወጣ አፍሮዬን አጎፍሬ፣ ከጉልበቴ ከፍ ያለች ቀሚስ ለብሼ፣ ወላጆቼ ካሉበት ሰፈር አንዱ ትምህርት ቤት እመደባለሁ ብዬ ነበር። ምደባው ግን በዕጣ ነው። ከባርኔጣ ውስጥ እጄን ሰድጄ ያወጣኋት ብጫቂ ወረቀት «ጎሬ» ትላለች። እናቴ ጎሬ የት እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሲነግሯት ተቀምጣ አለቀሰች፤ አባቴ ደግሞ «ባቡር ይገባል?» ብሎ ጠየቀ።

ባቡር አይገባም። የሚገባው ዝናብ ነው። ጎሬ ዝናብ ይጎበኘዋል አይባልም፣ ዝናቡ ነዋሪ ነው፤ እንግዳዋ ፀሐይ ናት። መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ በመኪና ጂማ ለመድረስ ስንቅ ቋጥረው፣ ሌሊት መንገድ ላይ አድረው፣ መኪናውን እየገፉ ነው። ስለዚህ አቅም ያለው ሁሉ ዓይኑ አውሮፕላኗ ላይ ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሰማዩ ደስ ካለው፣ አንዲት ሁለት ሞተር ያላት ዳኮታ ትመጣለች። ሜዳው ሣር ነው። ድምፅዋ ከሩቅ ሲሰማ ወጣቶች ሮጠው ከብቶቹን ያባርራሉ፤ ከዚያ ከተማው በሙሉ ይወጣል። የሚሳፈረው አምስት ሰው ቢሆን የሚሸኘው ሁለት መቶ ነው። ሲኒማ የለን፣ ቴሌቪዥን የለን፣ ሌላ ምን እናያለን?

የአውሮፕላኗ ወኪል አቶ ደምሴ የሚባሉ ባለ ሱቅ ነበሩ። ጨርቅ፣ ጨው፣ ላምባና የአውሮፕላን ትኬት በአንድ ባንኮኒ ይሸጣሉ። ሜዳው አጭርና እርጥብ ስለሆነ አውሮፕላኗ ከልክ በላይ ከጫነች አትነሣም፤ በዚህ የተነሣ ዕቃው ብቻ ሳይሆን ሰውም ይመዘናል። አቶ ደምሴ የቡና ሚዛናቸውን ሜዳው ዳር አውጥተው፣ መንገደኛውን በየተራ ያወጡና ክብደቱን ጮክ ብለው ይጠሩታል፤ ጸሐፊያቸው ራቅ ብሎ በጃንጥላ ሥር ስለሚጽፍ መጮህ ግድ ነው። «ሰባ ሦስት!» ሲሉ ሕዝቡ «አሃ፣ ወፍረዋል» ይላል። «ስልሳ!» ሲሉ «ምነው፣ ታመው ነበር እንዴ?» ይላል። የጎሬ ሰው የጎረቤቱን ዕድሜ ባያውቅ ኪሎውን ያውቃል። ለሰው ኪሎ ግን ትርፍ ክፍያ የለም፤ የሚከፈለው ከተፈቀደው በላይ ለሆነ ሻንጣ ነው። ይህን የደረሰበት መንገደኛ ሁሉ ዕቃውን መልበስ ጀመረ። ሦስት ቀሚስ ደርባ፣ ኪሷን ቡና ሞልታ፣ ጡቷ ሥር ኮረሪማ ሸጉጣ የምትሳፈር ሴት ብርቅ አልነበረችም። አቶ ደምሴም ያውቃሉ፤ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁና «ጂማ ሲደርሱ ይከሳሉ» ብለው ያሳልፏቸዋል። ይህን የማላደርግ እኔ ብቻ ነበርኩ። የማስተምረው ግብረ ገብ ነዋ! ክፍል ውስጥ ስለ ሐቀኝነት ሳስተምር ይህንኑ የሚዛን ነገር ምሳሌ አድርጌ እየጠቀስኩ ስንቱን ልጅ በእናቱ አሳፍሬዋለሁ። ክብደቴ አርባ ስምንት ነበር፤ ሁልጊዜ አርባ ስምንት። አቶ ደምሴ እኔ ጋ ሲደርሱ ሚዛኑን እንኳ በቅጡ አያዩትም ነበር።

ጂማ የምመላለሰው አክስቴ ዘንድ ነው፤ እትዬ በላይነሽ ትባላለች፣ ነፍሷን ይማረው። ሰው ሲጠይቀኝ «አክስቴን ልጠይቅ» ነው የምለው። እውነት ነው፣ አክስቴን እጠይቃለሁ። የአክስቴን ተከራይም እጠይቃለሁ። ከግቢዋ ዳር ካሉት ክፍሎች አንዷን የተከራያት ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ካኪ ሱሪውን መስመር አውጥቶ ተኩሶ የሚለብስ የመሬት ቀያሽ ነበር። ጌታሁን እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለገና ስመጣ፣ ለፋሲካ ስመጣ፣ ለክረምት ስመጣ፣ አክስቴ ፊት ተቀምጠን ሻይ እንጠጣለን፤ ስለ አየሩ ይጠይቀኛል፣ ስለ አየሩ እመልስለታለሁ። ጎሬ ላይ ስለ አየር የሚወራው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘነበ ነው። ስሄድ ሜዳው ድረስ ይሸኘኛል፤ ስመጣ ሜዳው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከዚያ ያለፈ የለም። እጄን ሲጨብጠኝ እንኳ ቶሎ ነበር የሚለቀኝ። እንደሚወደኝ አውቃለሁ፤ ዓይኑ ይናገራል። አፉ ግን ሦስት ጊዜ ሳይለካ አንድ ችካል የማይተክል የቀያሽ አፍ ነው። አክስቴ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ «ይህ ሰውዬ የሚለካው ያንቺን ቁመት ነው ወይስ ዕድሜሽን?» አለችኝ። እኔም ለራሴ ወስኜ ነበር፤ በዚያ ፋሲካ ካልተናገረ ከእንግዲህ ጂማ አልመጣም። አዲስ አበባ ዝውውር ጠይቄ ወላጆቼ ሰፈር እገባለሁ፤ የሱም ነገር በዚያው ያበቃል።

ታዲያ ለዚያው ፋሲካ አክስቴ «ቅቤ ይዘሽልኝ ነይ፤ እዚህ እሳት ሆኗል» ብላ ላከችብኝ። ጎሬ ላይ ቅቤ እንደ ጉድ ነው፤ ጥሩ ለጋ ቅቤ፣ ኪሎው በሁለት ብር፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ። ሰባት ኪሎ ገዛሁ። ሻንጣዬ ግን የማርመው የፈተና ወረቀት ሞልቶበት ከልኩ አልፏል። አቶ ደምሴን ባስፈቅድ «ዛሬ አውሮፕላኗ ሞልታለች፣ አንድም ትርፍ ዕቃ አልቀበልም» ብለዋል። አከራዬ ሳቀችብኝ። «መምህርት፣ ቅቤ ያለ ሻንጣ አይሄድም ያለሽ ማነው?» አለችና ቅቤውን በሦስት ከፍላ፣ በኮባ እንደገና ጠቅልላ፣ ሆዴ ላይ ዙሪያውን በመቀነት አሰረችልኝ። በላዩ ቀሚስ፣ በቀሚሱ ላይ ሹራብ፣ በሹራቡ ላይ የዝናብ ካፖርት። በመስታወት ራሴን ሳየው አፈርኩ። ግን ለአክስት ነው፣ ለፋሲካ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። መንገዱን ሁሉ ቅቤው እንዳይወርድብኝ ሁለት እጄን ሆዴ ላይ ጭኜ፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብዬ፣ ቀስ እያልኩ ነው የሄድኩት። ሰው እንዴት አድርጎ ሲያየኝ እንደነበር ያኔ ልብ አላልኩም።

ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። አቶ ደምሴ እንደ ልማዳቸው ሳያዩ «አርባ ስ…» ብለው ጀመሩና ቀጥ አሉ። ዓይናቸውን ጠረጉ። ሚዛኑን ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ሆዴ፣ ሆዴን ወደ ያዙት እጆቼ ሄደ። ሌላ ሴት ብትሆን «ቅቤ ነው ቡና?» ብለው ይስቁ ነበር። የግብረ ገብ መምህርቷ ቅቤ ታስራለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? ያልጠረጠሩት ያን ነው፤ የጠረጠሩት ሌላውን ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮሁ፣ ጸሐፊያቸው ድረስ በእግራቸው ሄደው ቁጥሩን በጆሮው ነገሩት። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ተመልሰው መጡና ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «አይዞሽ መምህርት» አሉኝ፣ «ሁሉም ያልፋል። እግዚአብሔር ያውቃል።» እኔ ስለ በረራው የሚያጽናኑኝ መስሎኝ «ለምጄዋለሁ አቶ ደምሴ፣ የመጀመሪያዬ እኮ አይደለም» አልኳቸው። እጃቸውን ከክንዴ ላይ በድንጋጤ አነሡ።

አውሮፕላኗ ውስጥ መቀመጫው በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተከትሎ የተዘረጋ አግዳሚ ነው፤ መሐሉ ላይ የቡና ጆንያ፣ ከጆንያው ላይ እግራቸውን የታሰሩ ዶሮዎች። አጠገቤ አንድ ደልዳላ ነጋዴ ተቀምጠው እስከ ጂማ ድረስ እንቅልፋቸውን ትከሻዬ ላይ ለጠጡ። በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ ጫካው ማለቂያ የለውም፤ በመሐሉ አንዳንድ ቦታ የጎጆ ጭስ ይታያል። ያቺን አርባ ደቂቃ ስለ ጌታሁን እያሰብኩ ነው ያሳለፍኳት። ይናገር ይሆን? ዘንድሮም ስለ ዝናብ ይጠይቀኝ ይሆን? እኔ ይህን ሳሰላስል አቶ ደምሴ ሬዲዮናቸው ላይ ነበሩ። ስንት ሰው፣ ስንት ኪሎ እንደተጫነ ለጂማው ወኪል መንገር ደንብ ነው። ያን ቀን ግን አንድ ቃል ጨመሩበት። «አስተማሪቷ ነፍሰ ጡር ሳትሆን አትቀርም፤ አክስቷን ቀስ ብለህ አዘጋጅልኝ፣ ሴትዮዋ እንዳትደነግጥ» አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የረዱኝ መስሏቸው ነው። ያልተዳረች መምህርት አርግዛ ተገኘች ማለት በዚያ ዘመን ሥራዋም ስሟም ያበቃል። የጂማው ወኪል ደግሞ «ቀስ ብለህ» የሚለውን አልሰማውም መሰለኝ። እኔ ገና ጫካው ላይ ስበር፣ ወሬው ቀድሞኝ ሜዳው ላይ አርፏል።

አውሮፕላኗ ስታርፍ ክፉኛ አነጠረችን። ያን ጊዜ አንደኛው ኮባ ሲቀደድ ተሰማኝ። በሩ ተከፈተ፤ የጂማ ሙቀት ገባ። ከመሰላሉ አናት ላይ ሆኜ ያየሁትን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። አክስቴ በጃንጥላዋ ጌታሁንን ትደበድበዋለች። ረጅሙ ሰውዬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ ልክ ለመመታት እንደመጣ ሰው ቆሞላታል። ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ካኪ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። «ከደጄ! ከገዛ ደጄ! ሻዬን እየጠጣህ!» ትላለች አክስቴ። «አንተ ነህ? በል ድገመው፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ» አለ ጌታሁን። «ልጁ የኔ ነው። አገባታለሁ።»

እኔ መሰላሉ ላይ ደርቄ ቀረሁ። የምን ልጅ? ይህ ሰው እጄን እንኳ በወጉ ጨብጦኝ አያውቅም። ወረድኩ፣ ሄድኩ፣ አጠገባቸው ቆምኩ። ጌታሁን ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ዓይን ውስጥ ምንም ቁጣ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር፣ ሌላም ነገር ነበር። አክስቴ ወደኔ ዞራ ሆዴን አየችና ልትጮህ አፏን ስትከፍት፣ ዓይኗ ወደ እግሬ ወረደ። ቢጫ ነገር በስቶኪንጌ ላይ ቁልቁል እየወረደ ጫማዬ ውስጥ ይገባል። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው። አሸተተችው። ደግማ አሸተተችው። «ቅቤ ነው!» አለች። እጇን በካፖርቴ ሥር ሰድዳ ኮባውን ዳሰሰችና እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጣ፣ ጃንጥላዋን ጥላ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ነገሩ ሲገባኝ እኔም ሳቅኩ፣ አፈርኩ፣ አለቀስኩ፣ ሁሉንም በአንዴ። ያልሳቀው እሱ ብቻ ነበር። «ታዲያ… ልጅ የለም?» አለ ቀስ ብሎ። አክስቴም ከተቀመጠችበት ጣቷን አነሣችበት። «ልጅ ባይኖርም ቃልህ አለ። አገባታለሁ ብለሃል፤ እኔም ሰምቻለሁ፣ ዶሮዎቹም ሰምተዋል» አለችው።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ቂርቆስ ወላጆቼ ቤት ተላከ። አባቴ «ቀያሽ ከሆነ እስከ ጎሬ የባቡር መንገድ ይቀይስ» ብሎ ቀልዶ ፈቀደ። ከሰባቱ ኪሎ የተረፈው ቅቤ ተነጥሮ ለሰርጉ ወጥ ዋለ። ጎሬ ግን ታሪኩን አላመነም። «ቅቤ ነው ይሉናል» እያሉ በጣታቸው ወር ሲቆጥሩ ከረሙ፤ የመጀመሪያዋ ልጃችን፣ የቤዛ እናት፣ በሁለተኛው ዓመት ስትወለድ ነው ተስፋ የቆረጡት። አቶ ደምሴ ይቅርታ ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲያ ሚዛን ላይ ስወጣ ግን «መምህርት፣ ቅቤውን ቀንሰን እንመዝን?» ሳይሉ አሳልፈውኝ አያውቁም። ትምህርት ቤትም ስለ ሐቀኝነት ሳስተምር ልጆቹ ይጠቃቀሱብኝ ስለነበር ምዕራፉን ቶሎ ቶሎ ነበር የማልፈው።

ኋላ ሁለታችንም ወደ አዲስ አበባ ተዛውረን እዚህ ካዛንቺስ ሁለት ክፍል ተከራየን። አክስቴ እስክትሞት ድረስ በየፋሲካው እየመጣች ይህን ታሪክ ታወራልን ነበር። እኔ ደግሞ በየሰርጉና በየለቅሶው ስንቱ ሰው ዘንድ አውርቼዋለሁ! የማወራው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ነው፤ ባሌ ሳያወላውል፣ እንደ ግንብ ቆሞ ጠበቀኝ እላለሁ። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ የየራሳቸውን ባሎች በጎን ያዩና ይተክዛሉ።

ቤዛም ታሪኩን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ኬክ ቤቱ ውስጥ ግን አያቷ ሲኒውን አስቀምጦ ሲቀዘቅዝበት ስታይ ስልኳን አስቀመጠች። «አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ሃያ አምስት ደቂቃ ነው ያልሽኝ አይደለም?» አለ።

«አዎ፣ በአሁኑ አውሮፕላን።»

«እንኳንም ያኔ አልሆነ» አለና ወደ መስታወቱ ዞረ። እንደማይቀጥል እርግጠኛ ነበርኩ። ወደኔ ዞሮ ቀጠለ። «አክስትሽ ስትጮህ እኔ ምንም አላልኩም። ባርኔጣዬን አድርጌ ሄድኩ። ልጁ የኔ አይደለም፣ ምን አገባኝ ብዬ። ከሜዳው ወጣ ብሎ ድልድይ ነበር፣ ታስታውሺዋለሽ? እዚያ ስደርስ፣ ስትወርድ ማን ይቀበላታል የሚለው መጣብኝና ተመለስኩ። ተመልሼ ቆምኩ። ደግሞ የማን ይሆን የሚለው መጣ። ተናደድኩና እንደገና ሄድኩ። እንደገና ከድልድዩ ተመለስኩ።»

«ሲሪየስሊ አባባ?» አለች ቤዛ።

«በሦስተኛው ድልድዩን ተሻገርኩ» አለ። «ተሻግሬ ወደ ከተማው መንገድ ጀመርኩ። ጆሮዬ ግን ሰማዩ ላይ ነበር። አውሮፕላኑ አይሰማም። ገና ነች ማለት ነው፣ ገና ጊዜ አለ አልኩ። ትንሽ ሄጄ ቆምኩ። የማንም ይሁን አልኩ። ያላንቺ ሻይ የምጠጣበት ፋሲካ ታየኝና የማንም ይሁን አልኩ። ከዚያ ሮጥኩ። ሮጦ የማያውቅ ሰው በዚያ ጭቃ ስሮጥ ብታዪኝ! ለአክስትሽ እኔ ነኝ ብያት አፌን ሳልዘጋ ነው የሞተሩ ድምፅ የተሰማው። ሃያ አምስት ደቂቃ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ከድልድዩ ማዶ ነበርኩ።»

እኔ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ አልዋሽም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በየሰዉ ቤት ያቆምኩት ግንብ ለካ ከሜዳ ድልድይ ሲመላለስ ነበር! «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አንቺ ስታወሪው በጣም ያምር ነበር» አለኝ።

ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም፣ ሳቄ መጣ። ከሳቁ ጋር ደግሞ አንድ የሚያሞቅ ነገር ደረቴን ሞላው። ሳያስብ የቆመ ሰው ምናልባት ሞኝ ነው፣ ምናልባትም ኩሩ ነው። ይህ ግን አስቦ፣ ፈርቶ፣ ተናዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ሁሉንም መንገድ ሞክሮ ወደኔ የመጣ ነው። የካኪ ሱሪው ጭቃም ትዝ አለኝ። ያን ቀን ዓይኔ እያየው አንድ ጊዜም ከየት እንደመጣ ጠይቄው አላውቅም። ይህኛው ባሌ ከዚያኛው ይበልጥብኛል።

«እና እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ?» አለች ቤዛ ስልኳን እያነሣች። «በአዲስ አበባ የሚዞረውን ልቁረጥ?»

«ቁረጪው» አልኳት። «ምን ያጣድፍሻል?»

ሒሳብ ተከፍሎ ወጣን። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ በአዲሱ ወለል ላይ ታብረቀርቃለች፣ ቤዛ ጆሮዋ ላይ የምታደርገውን ነገር አድርጋ ቀደመች። እኔም ተከተልኳት፤ ጥቂት እንደሄድኩ ዞር ስል ጌታሁን እንደ ልማዱ ከኋላ ቀርቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የሰፋውን መንገድ በእርምጃው እየለካ ይመጣል። «ፍጠን እንጂ» የሚለው ቃል ከለመደው ቦታ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። አላወጣሁትም። እዚያው ቆሜ ጠበቅኩት።